ሰብለ ወንጌል ለሴት ልጆቻችን አርአያ ትሁን? (የግሩፓችን ክርክር)

አንባቢዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው እሁድ የፍቅር እስከ መቃብርን ውይይት ስንዘጋ አንድ ወንድማችን "ሰብለ ወንጌል የኢትዮጵያ ሴት የነፃነት ተምሳሌት ናት፣ ለሴት ልጆቻችን አርአያ ልናደርጋት ይገባል" ብሎ ደመደመ፣ ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔ ሰዓት ስላለቀ ዝም አልኩ እንጂ ውስጤ አልተቀበለውም። ስለዚህ እዚሁ እንነጋገርበት።
ላላነበባችሁ ባጭሩ፣ ሰብለ የጎጃም ባላባት የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። አባቷ ለዘሬ የሚመጥን የለም እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ ገፋ፣ እንዲያስተምራት የመጣውን የገበሬ ልጅ በዛብህን ወደደች፣ ነገሩ ሲታወቅ እሱ ሸሽቶ አዲስ አበባ ገባ፣ እሷም በመነኩሴ ልብስ ተሸፍና ከአባቷ ቤት ወጥታ ፍለጋ ሄደች፣ ስታገኘው ሊሞት ነው። ከዛ መንኩሳ መቃብሩን ስትጠብቅ ኖረች።
እና ይቺ ልጅ በሕይወቷ አንድ ትልቅ ውሳኔ ወሰነች፣ እሱንም ለመፈጸም ሴት መሆኗን መደበቅ ነበረባት፣ መጨረሻው ደግሞ አንድ መቃብር አጠገብ ነው። እኔ የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ መጽሐፉን አስነብባታለሁ፣ እንደሷ ሁኚ ግን አልላትም። መጽሐፉን እወደዋለሁ፣ ጥሌ አርአያ ከሚለው ጋር ነው። እስቲ ምን ትላላችሁ?

የቢቸናው፦
ያ ወንድም እኔ ነኝ፣ አሁንም ከቃሌ ፈቅ አልልም። እህቴ መጽሐፉን ከዘመኑ ነጥለሽ ነው የምታነቢው። ክቡር ሐዲስ አለማየሁ ይሄን ያሳተሙት በ1958 ነው፣ ተማሪዎች መሬት ላራሹ ብለው አደባባይ ከወጡ ገና ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጃንሆይ ዙፋን ላይ ናቸው፣ ጉልቱ እንዳለ ነው፣ እሳቸው ራሳቸው ትልቅ ባለሥልጣን ሆነው ባላባትነትን እንደዛ አድርገው አደባባይ ማውጣታቸው ቀላል ነገር አይደለም። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ጉዱ ካሣ ሥርዓቱ ከመሠረቱ የተጣመመ ነው እያለ ሲሟገት አገሩ እብድ ነው የሚለው፣ ያ ሰው የደራሲው ልብ ነው ብዬ ነው የማምነው።
ሰብለ ደግሞ ከሁሉም በላይ ናት። ከአልጋዋ ወርዳ ውሃ ቀድታ የማታውቅ የጌታ ልጅ ክብሩን፣ ወርቁን፣ ርስቱን ሁሉ ትታ የማታውቀው መንገድ ውስጥ ገባች። አባቷን እምቢ ማለት በዛ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ የኛ አገር ሰው ነው የሚያውቀው። ነፃነት ማለት ውጤቱ ያማረ ነገር ብቻ ነው ያለው ማነው? ብዙ አርበኛ ሞቷል፣ ተሸንፏል፣ አርአያ አይደለም ልንል ነው?

አንባቢዋ፦
ወንድሜ ጥሩ ነገር አነሳህ፣ ግን እዛው መጽሐፍ ውስጥ ገበሬዎቹን እያቸው። አበጀ በለውና ጓደኞቹ እምቢ አንገብርም ብለው ተነሱ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ሊቀጧቸው ዘምተው ራሳቸው ተማረኩ። ደራሲው ለገበሬው ድል ሰጥተውታል፣ በዛ ዘመን ሊሆን አይችልም ተብሎ የሚታሰበውን ነገር ጽፈውለታል። ለሰብለ ሲሆን ግን ከአባት ቤት ወጥታ የምትገባበት ሌላ ቤት አልታያቸውም፣ ወይ ባል ወይ ገዳም ነው ያለው። ዘመኑ ነው ካልከኝ ዘመኑ ለገበሬውም አልፈቀደም ነበር እኮ።

የቢቸናው፦
ይሄን አስቤበት አላውቅም ነበር እውነት ለመናገር። ግን የገበሬዎቹም ድል እኮ አንድ ሰሞን ነው፣ ሥርዓቱ አልፈረሰም። መጽሐፉ የሐዘን መጽሐፍ ነው፣ በዛብህም ሞቷል፣ ጉዱ ካሣም ያው ነው፣ በሴቷ ላይ ብቻ አልተፈረደም።

ጠበቃዋ፦
እኔ ከሥነ ጽሑፉ ሰው አይደለሁም፣ ሥራዬ የቤተሰብ ጉዳይ ክርክር ነው፣ ግን አንድ ነገር ልበል። ሁላችንም ስለ ሰብለ ስናስብ "ምነው በዛብህ ባይሞት፣ ምነው ተጋብተው በኖሩ" ነው የምንለው አይደል? እስቲ ይሁን፣ አልሞተም እንበልና መጽሐፉ በወጣበት በ1958 ተጋቡ። ያኔ ሥራ ላይ ያለው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቁጥር 635 ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይላል፣ ሚስት ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይላል፣ ሌላው የሕጉ ክፍል ደግሞ የሚኖሩበትን ቤት የሚመርጠው ባል ነው ይላል። ለጋብቻ የሚበቃው ዕድሜ ለወንድ 18 ለሴት 15 ነው። እና ያ ሁሉ መከራ አልፎ፣ አባቷን ጥላ፣ ጫማዋ አልቆ ደርሳ፣ የምታገኘው ሌላ ታዛዥነት ነው። በዛብህ ደግ ልጅ ስለሆነ ላይጨቁናት ይችላል፣ ግን ነፃነቷ በሱ ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ያ ደግሞ ነፃነት አይባልም።
የወንጀሉንም ልጨምርላችሁ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንድ ሰው ልጅቷን ጠልፎ ከዛ በኋላ በጋብቻ ከያዛት ክሱ ይቀር ነበር። ማለት ሽማግሌ ይላካል፣ አባት ይታረቃል፣ ልጅቷ ፈቅጃለሁ ትላለች (ምን ምርጫ አላት?)፣ ፋይሉ ይዘጋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ስታመልጥ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ ተከሰሰች፣ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላትና ራሷን ለመከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች። ድፍረት የሚለው ፊልም ከዛ ታሪክ ተነስቶ ነው የተሠራው። ያ ማኅበር በ1987 ነው የተቋቋመው፣ እነሱና ሌሎች ሴቶች አዳራሽ ለአዳራሽ፣ ክልል ለክልል እየዞሩ ተከራክረው ነው በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 213 የወጣው። ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ፣ የባል ራስነት ቀረ፣ ትዳሩን እኩል ያስተዳድራሉ ተባለ። የወንጀል ሕጉም ተቀይሮ ከግንቦት 1997 ጀምሮ ጠላፊው ቢያገባትም ከቅጣት አያመልጥም።
አርአያ ካስፈለገ እኔ ለልጄ የምነግራት እነዚህን ሴቶች ነው። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ መዓዛ አሸናፊ ከ2011 እስከ 2015 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበረች፣ ይሄ ልብ ወለድ አይደለም።

የቢቸናው፦
ጠበቃዋ ብዙ አስተማርሽን እናመሰግናለን። ግን የ1952ቱ ሕግ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው፣ ያረቀቀው ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ነው። የኛ አገር ባሕል እንደዛ አልነበረም። ጎጃም ሴት ልጅ ርስት ትወርሳለች፣ ከናቷም ካባቷም ወገን፣ እንደ ወንድሟ። ሰማንያ የታሰረላት ሚስት ስትፋታ ያፈሩትን እኩል ትካፈላለች፣ ያመጣችውን ይዛ ትወጣለች። ባሏን ትታ አባቷ ቤት ገብታ ሌላ አግብታ የምትኖር ሴት ስንት አለች በኛ አገር። በድሮው ዘመን ብዙ ባለትዳር የአውሮፓ ሴት በስሟ ንብረት እንደ ልቧ መያዝ አትችልም ነበር። ስለዚህ ሁሉን ነገር ጨለማ አድርገን ባንስለው ጥሩ ነው።

መምህር (ጡረተኛው)፦
ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። 30 ዓመት ያህል አማርኛ አስተምሬያለሁ፣ ዝም ማለት አቃተኝ።
መጀመሪያ ለቢቸናው ልጄ፣ የርስቱ ነገር እውነት ነው፣ እኔም እዛው አካባቢ ነው ያደግሁት። ግን ርስት ወርሳ ሞፈር መጨበጥ ነውር ነው ከተባለች ምን ታደርገዋለህ? ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለወንድ ለእኩል ትሰጣለች፣ አራሹ ከፈለገ ዘግይቶ ያርሳል፣ መጀመሪያ የራሱን ነው የሚያርሰው፣ ዝናቡ ካለፈ በኋላ የሷን ይነካካል፣ አዝመራው ሲሰበሰብ ደግሞ የሚቆጥረው እሱ ነው። እናቴ እንደዛ ኖራለች። ባለርስት ሆና የሰው እጅ አይታለች።
ወደ መጽሐፉ ስመጣ አንድ ነገር ብታስተውሉ ደስ ይለኛል። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ በ1900 ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ነው፣ ዛሬ ጦቢያ እያልን የምንጠራው። ጦቢያ እዛ ላይ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው አገር የምታቋርጠው። ከሃምሳ ምናምን ዓመት በኋላ ሰብለም ሴትነቷን ደብቃ ነው የምትወጣው። ሁለቱም ደራሲዎች ወንድ ናቸው፣ ሁለቱም ትልቅ ሴት ጻፉልን፣ ግን ሁለቱም ሴት በሴትነቷ መንገድ ላይ ስትሄድ ማሳየት አልቻሉም። ይሄ የአንድ ሰው ጥፋት አይመስለኝም፣ መንገዱ ራሱ የወንድ ስለነበረ ነው። ስለዚህ አንባቢዋ ልጄ ያነሳችው ከባድ ጥያቄ ነው።
ታዲያ በዛው ዘመን ሴቶቹ ራሳቸው ምን ያደርጉ ነበር? ስንዱ ገብሩን ተማሪዎቼ አያውቋትም ነበር፣ መማሪያ መጽሐፉ ላይ ስለሌለች። ስዊዘርላንድ ተምራ መጣች፣ በጣሊያን ጊዜ ተማርካ ጣሊያን አገር ያለችው አዚናራ ደሴት ታሰረች፣ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መራች፣ በ1942 የልቤ መጽሐፍን አሳተመች፣ በ1949 ምርጫ ተወዳድራ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ይሄ ሁሉ ፍቅር እስከ መቃብር ከመታተሙ በፊት ነው እኮ! ሰብለ በወረቀት ላይ ከመመንኮሷ በፊት ስንዱ ፓርላማ ተቀምጣ ስትከራከር ነበር። እኛ ግን የቱን ነው ለልጆቻችን ስንነግር የኖርነው?
የጎጃሙንም ልንገራችሁ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ስውር ነበሩ፣ ቅኔ ከአባታቸው ተምረው ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ቅኔ አስተማሩ፣ ተማሪዎቻቸው ወንዶች ናቸው። በዛብህ ያለፈበት የቆሎ ተማሪ ዓለም ውስጥ ሴት መምህር ነበረች ማለት ነው፣ ያውም በዛው አገር። ልብ ወለዱ ውስጥ ሰብለ ተማሪ ናት፣ እሱ አስተማሪ። እውነተኛው ጎጃም ግን ሴትም ወንበር ላይ አስቀምጦ ነበር፣ አንዲትም ብትሆን።

አንባቢዋ፦
መምህር እጅ ነስቻለሁ 🙏 እማሆይ ገላነሽን በስም ብቻ ነበር የማውቃቸው። ይሄን ለምን ትምህርት ቤት አልነገሩንም?

ወጣቱ፦
ሰላም፣ እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልናገር፣ ማንንም ለመጉዳት አይደለም። ይሄ የሴቶች ነፃነት የሚባለው ክርክር አሁን አሁን ከውጭ የመጣ ነገር እየመሰለኝ ነው። አገራችን እቴጌ ምንትዋብ የገዙባት፣ እቴጌ ጣይቱ አድዋ የዘመቱባት አገር ናት፣ ሸዋረገድ ገድሌ፣ ከበደች ሥዩም ጣሊያንን የተዋጉባት ናት። ሴት መናቅ ባሕላችን ቢሆን እነዚህ እንዴት ወጡ? በቅርቡ ደግሞ በ2011 ካቢኔው ግማሽ በግማሽ ሴት ሆኖ ነበር፣ ፕሬዚዳንቷም እስከ 2017 ሴት ነበረች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስማር ከክፍላችን አንደኛ የወጣችው ሴት ናት፣ ማንም አልከለከላትም። የቀረ ነገር ካለ በትምህርትና በጊዜ ይፈታል፣ ወንድና ሴትን የሚያጣላ ነገር ለቤተሰብ አይጠቅምም ብዬ እሰጋለሁ።

ጠበቃዋ፦
ወንድሜ በቅንነት ስለጠየቅክ በቅንነት ልመልስልህ። እቴጌ ጣይቱ ሲዘምቱ የሳቸው ወጥ ቤት ውስጥ ስንት ሺህ ሴት እንጀራ ተሸክማ ተከትላለች፣ ስሟን የሚያውቀው የለም። ንግሥት መኖሩ ስለ ንግሥቷ ነው የሚነግርህ። ስለ ገበሬዋ ሚስት ማወቅ ከፈለግክ የ2008ቱን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እየው፣ ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች ውስጥ ከ100 40ዎቹ ገና 18 ሳይሞላቸው የተዳሩ ናቸው። ያውም ሕጉ ከወጣ ከ16 ዓመት በኋላ። ካቢኔ ውስጥ ሴቶች መግባታቸው ብቻ ይሄን ቁጥር አይቀይረውም፣ ስላልፈለጉ አይደለም፣ ከላይ በሹመት የሚፈታ ስላልሆነ ነው።
ከውጭ የመጣ ስላልከው ደግሞ፣ የሴት ጠበቆቹን ማኅበር የጎዳው ነገር ምን እንደሆነ ታውቃለህ? በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ በመብት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 ፐርሰንት እንዳይበልጥ አለ፣ በነፃ ጠበቃ የሚቆምላቸው ሴቶች ናቸው የተጎዱት፣ እስከ 2011 ድረስ። እነዛ ሴቶች ከነጉዳያቸው ከወረዳ ነው የሚመጡት፣ ከውጭ አይደለም። ባሏ የደበደባት ሴት ፌሚኒዝም የሚል ቃል ሰምታ አይደለም ቢሮ የምትመጣው።

ወጣቱ፦
እሺ ቁጥሩን አላውቀውም ነበር፣ 40 በጣም ብዙ ነው። ግን የድህነት ችግር አይደለም ወይ ይሄ? ወንዱም እኮ ያለ ፍላጎቱ ነው በወላጅ የሚዳረው ገጠር።

ከቤይሩት መልስ፦
እኔ ብዙ አልጽፍም እዚህ ግሩፕ ላይ ዝም ብዬ ነው የማነበው ግን የድህነት ችግር ነው ሲባል መናገር አለብኝ። ይሄን መጽሐፍ አላነበብኩትም፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው የሰማሁት፣ ቤይሩት ሰው ቤት እየሠራሁ ማታ ማታ ማዳም ስትተኛ በጆሮ ማዳመጫ፣ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተኝቼ። ሰብለ ከቤት ስትወጣ አለቀስኩ፣ ምክንያቱም እኔም ከቤት የወጣሁት ሌሊት ነው፣ ልዩነቱ እኔን የላከኝ ቤተሰብ ነው። ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው፣ ካፋላ የሚሉት ነገር አለ፣ ያለ አሠሪሽ ፈቃድ የትም መሄድ አትችዪም፣ ከሄድሽ ሕገወጥ ነሽ።
ደሞዜን በሙሉ ላክሁ። ወንድሜ በሱ ኮሌጅ ጨረሰ፣ ቤት ተሠራ፣ ባለ ሦስት ክፍል። ስመለስ ቤቱ በወንድሜ ስም ነው። ለምን ስል "አንቺ እኮ ታገቢያለሽ፣ ባልሽ ቤት ትሄጃለሽ" አለኝ፣ እናቴም አጠገቡ ቆማ ዝም አለች፣ ያ የናቴ ዝምታ ነው የጎዳኝ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፣ እውነት መስሎት ነው፣ እንደዛ ነው ያደገው። እና ድህነት ነው አትበሉኝ፣ ድህነቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ድህነቱ ሲጠፋ ግን የኔ ነገር ምንም አልተቀየረም። ወንድ ብሆን ኖሮ ያ ቤት በኔ ስም ነበር የሚሠራው፣ ማንም አይጠይቅም ነበር።

አንባቢዋ፦
እህቴ ❤️ እንኳን ጻፍሽ።

የሜሪላንዷ እናት፦
የኔ እህት ልቤን ነካሽው። እኔ አሜሪካ 20 ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ እዚህም ያለው ከዛ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ሁለታችንም እንሠራለን፣ እኔ ሆስፒታል ሌሊት ነው የምሠራው፣ ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፣ ምግብ ያበስላል፣ ልጆች ያጥባል፣ ግን እንግዳ ሲመጣ ከወጥ ቤት ወጥቶ ሳሎን ይቀመጣል፣ እኔም ዝም ብዬ እገባለሁ፣ ሌሊት ሠርቼ አድሬም ቢሆን። ልጄ አየችና "አባዬ ሰው ሲመጣ ለምንድነው የሚቀየረው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።
የልጄ ነገር ከተነሳ፣ ሰብለን ልጄ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ማጠቃለያ ነው ያነበበችው፣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "እናትየዋስ ምን አለች?" ነው። ወይዘሮ ጥሩአይነትን ማለቷ ነው። እኔ ስንት ጊዜ አንብቤው ስለ እናትየዋ አስቤ አላውቅም። እናንተስ? እዚህ ግሩፕ ላይ እንኳን ይሄው ስንት ሰው ጻፈ፣ አንድም ሰው ስሟን አላነሳም።

መምህር (ጡረተኛው)፦
ልጅሽ የምትደነቅ ናት። ወይዘሮ ጥሩአይነት ያንን ቤት ይዛ የምታቆመው እሷ ናት፣ በፊታውራሪና በልጃቸው መካከል የምትቃጠለው እሷ ናት። ልጇን ትወዳለች፣ ባሏን ግን እምቢ ማለት አትችልም። ከላይ እህታችን የናቷን ዝምታ ስትነግረን ወዲያው እሷን ነው ያሰብኩት። ስለ ሴት ነፃነት ስንጽፍ ሁልጊዜ የምትጠፋውን፣ የምትሸሸውን ነው የምንጽፈው፣ የቀረችዋ ማንም ታሪክ አላደረጋትም። የቀሩት ደግሞ ይበዛሉ።
በዛብህንም የወለደችው ውድነሽ በጣሙ አለች። ባሎቿ እየሞቱባት ገፊ ናት ተብላ ሰው የሸሻት ሴት ናት፣ የሞተው ባሏ፣ የተወቀሰችው እሷ። እዛች ላይ ሐዲስን ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ያንን ፍርደ ገምድልነት አይተው ጽፈውታል፣ መሳቂያም አላደረጓት።

የቢቸናው፦
እኔ አቋሜን አልቀይርም ግን ላሻሽለው። ሰብለ አርአያ ናት ስል ኑሮዋን ድገሙት ማለቴ አልነበረም፣ እምቢ ማለቷን ነው። ያ እምቢታ በሬዲዮ ስንት ማንበብ የማትችል ሴት ቤት ገብቷል፣ እናቴ ያኔ ፊደል አልቆጠረችም፣ በመሠረተ ትምህርት ነው ኋላ ያነበበችው፣ ግን ሰብለን በወጋየሁ ድምፅ ታውቃታለች፣ እህቴን በ14 ዓመቷ ሊድሩ ሲሉ "የመሸሻን ነገር በኔ ቤት አልሠራም" ብላ አባቴን ተሟግታለች። እህቴ ዛሬ ነርስ ናት። ጠበቃዋ ሕጉ ነው የቀየረው ትላለች፣ እኔ ቤት ግን የ1992ቱ አዋጅ አልነበረም የደረሰው፣ መጽሐፉ ነው የደረሰው። ይሄን ማንም ሊወስድብኝ አይችልም።

ጠበቃዋ፦
ይሄ በጣም ትልቅ ነገር ነው፣ እናትህን አክብሬያለሁ። አልቃወምህም። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። እናትህ ደፋር ሆነው ተሟገቱ፣ ጎረቤት ያለችው እናት ደፋር ካልሆነችስ? ልጅቷ የናቷ ድፍረት እስኪመጣ ትጠብቅ? ሕግ የሚያስፈልገው ደፋር ለሌላት ልጅ ነው። የአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ፣ ታውቀዋለህ። ያ ፎቶ ከገባ በኋላ ሴቶች መሬታችን በሌለንበት ተከራየ ብለው መክሰስ ሲጀምሩ አይቻለሁ፣ ከዛ በፊት ከምን ተነስተው ይከሳሉ? መምህር ስለናታቸው የነገሩን ችግር ገና አለ፣ ሞፈሩ አሁንም የወንድ ነው፣ ግን ቢያንስ ደብተሩ የሷም ነው።
ከቤይሩት ለተመለስሽው እህቴ፣ ይሄን ሕዝብ ፊት ስለጻፍሽው እዚሁ ልመልስልሽ፣ ሌላም የሚጠቅመው ሰው ይኖራል። ቤቱ በወንድምሽ ስም መሆኑ በቃ አለቀ ማለት አይደለም። የላክሽበትን የሐዋላ ደረሰኝ ያለውን ሁሉ ሰብስቢ፣ የባንክ ከሆነ ባንኩ የሒሳብ መግለጫ እንዲያወጣልሽ ጠይቂ፣ በቴሌግራም በድምፅም በጽሑፍም ስለ ቤቱ የተነጋገራችሁት ካለ እንዳታጠፊው፣ ቤቱ ሲሠራ የነበሩ ሰዎችን በስም ያዢ። ግንበኛው፣ ቆርቆሮ የሸጠው፣ ገንዘቡን ያደረሰው ሰው። መጀመሪያ በሽማግሌ መሞከር ጥሩ ነው፣ ግን የሚፈረም ነገር ሲመጣ ለሕግ ባለሙያ ሳታሳዪ እንዳትፈርሚ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ያማክራል፣ እንደ ጉዳዩ ጠበቃም ያቆማል።

ወጣቱ፦
እኔ ትናንት ማታ ለእህቴ ደወልኩላት፣ እሷም ዱባይ ናት። እኛ ቤትም የሚሠራ ነገር አለ፣ በአባቴ ስም ነው የሚሠራው፣ የገንዘቡ ግማሽ የሷ ነው። ማንም ተንኮል አላሰበም፣ ግን ይሄን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከአባቴ ጋ ልነጋገር ነው። ቅድም ያልኩት ወንድና ሴትን ያጣላል የሚለውን አሁንም እፈራለሁ፣ ይሄ ወሬ እኛ ቤት ጠብ ሊያመጣ ይችላል፣ ግን ዝም ካልኩ ደግሞ ጠቡ እህቴ ስትመለስ ነው የሚመጣው።

አንባቢዋ፦
ወንድሜ በርታ፣ አባትህን በአክብሮት ንገራቸው፣ ከተቻለ እናትህ ባሉበት።
ወደ ጥያቄው፣ ለቀጣዩ እሁድ ሐሳብ አለኝ፣ የስንዱ ገብሩን የልቤ መጽሐፍ እናንብብ፣ ኮፒ ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ፣ ገበያ ላይ ማግኘት ከባድ ነው። መምህር መግቢያውን ቢያደርጉልን ደስ ይለናል።

መምህር (ጡረተኛው)፦
ደስ እያለኝ። እኔ ጋ አሮጌ ቅጂ አለ፣ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፣ የልጅ ልጄ ትረዳኛለች።

ከቤይሩት መልስ፦
ጠበቃዋ እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። ደረሰኙ ግማሹ አለ ግማሹ ጠፍቷል፣ በሰው እጅ የላክሁትም አለ፣ ልጅቷ አሁን ኩዌት ናት ስልኳ ግን አለኝ። ሰኞ ባንክ እሄዳለሁ። ስለ ሰብለ የተጠየቀውን እኔም ልመልስ፣ አርአያ ትሁን አትሁን ለተማሩት ልተወው፣ እኔ ግን መነነች ብዬ አልወቅሳትም፣ በእጇ አንድ ብር አልነበራትም፣ መሬቱ የአባቷ፣ በቅሎው የአባቷ፣ የለበሰችው እንኳን የአባቷ ነው። ከሰው ቤት ወጥቶ የት ይኬዳል? አንባቢዋ፣ ለልጅሽ ግን መጽሐፉን ስታነቢላት የባንክ ደብተርም በስሟ ክፈቺላት።